ፎርማት ቢደረግም ተመልሶ የሚመጣ የፍላሽ ቫይረስ፤ መላ ያላችሁ እባካችሁ

ጠያቂ፦ ፔዳ ፕሪንት

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ጽሕፈት፣ ፕሪንትና ጥረዛ የምሠራባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሮቼ ሁለት ናቸው። አንዱ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ጽሕፈቱን የምሠራው በሱ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 7። ትልቁ ፕሪንተር የተያያዘው ከሱ ጋር ነው።

ተማሪ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ። ስማቸው ያው ነው፤ ግን ግራ ጥጋቸው ላይ ትንሽዬ ቀስት አለች። መጠናቸውም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። ስከፍተው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከዚያ ፎልደሩ ይከፈታል።

በቀደም አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን አስጠርዛ ልታስገባ ነበር። ፍላሹን ስከፍተው አንድ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ቤት ስከፍተው ደህና ነበር" ትላለች። ምን ብዬ ላጽናናት? ደንበኛ የሚሸሸው እንዲህ ባለ ነገር ነው።

ባለሙያ ጠርቼ አንዱን ፎርማት አስደርጌ ነበር። ዊንዶው እንደ አዲስ ተጫነ፣ ኦፊስ ተጫነ፣ አንቲ ቫይረስም ተጫነ። ብዙም ሳይቆይ ያው ነገር ተመልሶ መጣ። አንቲ ቫይረሱ አሁን ቀይ ምልክት እያሳየ "ላይሰንስዎ አልቋል" ይላል። በዚያ ላይ በቀኝ በኩል ታች ጥጉ ላይ "ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ያጽዱ" የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ ብቅ ይላል። ስነካው የካርድ ቁጥር ይጠይቀኛል።

ኢንተርኔቴ የስልኬ ሆትስፖት ነው፣ በፓኬጅ። ትልቅ ነገር አውርጂ ካላችሁኝ እቸገራለሁ።

የልጅቷ ፋይል ይመለሳል ወይ? ይሄ ነገርስ ለምንድን ነው የማይለቀኝ? ወይስ በገንዘቤ አንቲ ቫይረስ ልግዛ?


መላሽ፦ ናቲ 4ኛ ዓመት

እህት፣ አትድከሚ። እንደገና ፎርማት አስደርጊውና ዲፕ ፍሪዝ አስጫኚበት። እኛ ላብ ያለው እሱ ነው። የፈለገ ቫይረስ ቢገባ ሪስታርት ስታደርጊው ኮምፒውተሩ ወደነበረበት ይመለሳል። አንቲ ቫይረስም አያስፈልግሽም።


መላሽ፦ የፒያሳው ጠጋኝ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪውና መጀመሪያ ለልጅቷ ደውዪላት። ፋይሏ አልጠፋም በያት። ፍላሹን ፎርማት እንዳታደርገው፣ ምንም ነገር እንዳትጨምርበት ንገሪያት።

እኔ አዲስ አበባ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ይሄን ዓይነት ቫይረስ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ። መልኩን ይለዋውጣል እንጂ ሥራው ያው ነው። የሰውን ፎልደሮች ይደብቃል። መደበቅ ብቻ አይደለም፤ "የሲስተም ፋይል" የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል። ዊንዶውስ ደግሞ የሲስተም ፋይል የተባለን ነገር እንዲያው አያሳይም። ከዚያ በየፎልደሩ ስም ሾርትከት ይፈጥራል። ሾርትከቱን ስትነኪው መጀመሪያ የቫይረሱ ስክሪፕት ይነሳል፣ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈትልሻል። ያቺ ብልጭ ብላ የምትጠፋው ጥቁር መስኮት የሱ ናት። ፎልደሩ ስለተከፈተ ማንም አይጠረጥርም።

አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ያለውን ፋይል በሙሉ ሰብስቦ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። ስም የሌለው ስልሽ ስሙ የማይታይ ፊደል ስለሆነ ነው። ፎልደሩ ቢታይ እንኳ ከሥሩ ምንም ተጽፎ አታዪም። አንድ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው ስላልሽ የልጅቷ እንደዚህኛው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ፍላሹን ከማጽዳትሽ በፊት ኮምፒውተሩ ይጽዳ። ይሄን ቅደም ተከተል አደራ አታዛቢው። ሰው ፍላሹን ሲያጸዳ ይውላል፤ ቫይረሱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ነው። የጸዳው ፍላሽ እንደተሰካ ወዲያው መልሶ ይበክለዋል። የማስተርሷ ተማሪ እውነቷን ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ፍላሽ አምጥታ አንቺ ቤት ተበክሎባት ይሆናል።

ፎርማቱ ለምን አልፈታውም? ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛ፣ ባለሙያው ፎርማት ያደረገው ሲ ድራይቭን ብቻ ነው። ዲ ፋይል ስላለበት አይነካም፣ ሁላችንም የምንሠራው እንደዚያ ነው። እዚያ የተቀመጠ የተበከለ ሴትአፕ ካለ በማግሥቱ ተመልሶ ይነሳል። ሁለተኛው የባሰው ነው። ዊንዶውሱና ኦፊሱ በክራክ፣ ማለትም ሳይገዙ በሚከፍት ሕገ ወጥ ፕሮግራም፣ ነው የተከፈቱት ብዬ እገምታለሁ። ክራክ እንዲሠራ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር የሚባለው አንቲ ቫይረስ ይጠፋል፣ ወይም "እዚህ ቦታ አትፈትሽ" ተብሎ ይታዘዛል። ሥራው ካለቀ በኋላ መልሶ የሚያበራው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያኔ የተረከብሽው ዘበኛው ተኝቶ በሩ የተከፈተ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በየሳምንቱ ፎርማት ቢደረግ ለውጥ የለውም።

ወደ ሥራው እንግባ። ፍላሽ ሁሉ ይነቀል፣ ሆትስፖቱም ይጥፋ። መጀመሪያ ላይሰንሱ ያለቀውን አንቲ ቫይረስ አውጪው፤ ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ አንኢንስቶል። ሌላ አንቲ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ቦታ ይለቃል። ያኛው ሲያልቅበት ደግሞ አዲስ ቫይረስ የሚያውቅበት መረጃ አይመጣለትም። ስሙ አለ፣ ጥበቃው የለም። አልወጣም ካለሽ ድርጅቱ ራሱ የሚያቀርበው ማውጫ ፕሮግራም አለ። ካወጣሽው በኋላ ሪስታርት አድርጊ። ዲፌንደር በራሱ መነሳት አለበት።

ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቺ። "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን" ውስጥ "ማኔጅ ሴቲንግስ" አለ። "ሪል ታይም ፕሮቴክሽን" እና "ታምፐር ፕሮቴክሽን" መብራት አለባቸው። ታምፐር የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ተደብቆ አንቲ ቫይረሱን እንዳያጠፋው የሚከለክል ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። ከዚያ እስከ ታች ውረጂና "ኤክስክሉዥንስ" የሚለውን ክፈቺ። እዚያ የተዘረዘረ ነገር ካለ "አትፈትሽ" የተባለው ቦታ እሱ ነው። አንቺ ያስገባሽው ካልሆነ በሙሉ ሰርዢው።

አሁን ኢንተርኔት ለአጭር ጊዜ ክፈቺና "ቼክ ፎር አፕዴትስ" በይ። ፓኬጅሽ ካልበቃ መፍትሔ አለው። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን መረጃ በአንድ ፋይል በነፃ ያቀርባል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ዋይፋይ ያለው ሰው ጋ በንጹሕ ኮምፒውተር አውርደሽ፣ በንጹሕ ፍላሽ አምጥተሽ፣ ደብል ክሊክ ማድረግ ነው። አንዴ ከታደሰ በኋላ የየቀኑ አፕዴት ትንሽ ነው። ሌላም ነገር ልብ በይ፤ ዳታ ለመቆጠብ ብለሽ ሆትስፖቱን "ሚተርድ" አድርገሽው ከሆነ አፕዴቱ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ቤቱን ስትከፍቺ በእጅሽ ተጫኚው።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ። "ደብልዩ ስክሪፕት" የሚል ስም ወይም "ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት" የሚል ካየሽ ቫይረሱ አሁን እየሠራ ነው ማለት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የዊንዶውስ ነው፣ ጥፋት የለበትም። ግን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ምክንያት የለም። "ኤንድ ታስክ" በይው። "ስታርትአፕ" የሚለው ላይም የማታውቂው፣ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር የሚመስል ስም ካለ ዲሴብል አድርጊ።

አሁን "ስካን ኦፕሽንስ" ገብተሽ "ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን" ምረጪ። ኮምፒውተሩ ይጠፋና ዊንዶውስ ሳይነሳ ፍተሻው ይጀምራል። ቫይረሱ ገና አልተነሳም፣ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መብራት በማይጠፋበት ሰዓት አድርጊው። ከዚያ ተመልሰሽ "ፉል ስካን"፤ ይሄ ዲንም ይፈትሻል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ማታ ለቀሽው ሂጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፉል ስካን ሲባል ፍላሽን የሚጨምር ይመስላል። አይጨምርም። ፍላሽ ለብቻው ነው፤ ራይት ክሊክ አድርገሽ "ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር"። ለሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ይሄን ልማድ አድርጊው።

ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሆኖ ሲያልቅ የልጅቷን ፍላሽ ሰክተሽ መጀመሪያ ስካን አድርጊው። ሾርትከቱን አትንኪው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ "ቪው"፣ "ኦፕሽንስ"፣ እንደገና "ቪው"። የተደበቁ ፋይሎች ይታዩ የሚለውን ምረጪ። ዝቅ ብሎ "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" የሚል አለ። እሱ ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። ዊንዶውስ ያስጠነቅቅሻል፣ እሺ በይው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነክቶ "ምንም የለም" ብሎ ይመለሳል። የሰው የዓመት ልፋት እንደዚያ ተብሎ ፎርማት ሲደረግ አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል።

ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታዩሻል። ግቢና ዎርዱን፣ ፒዲኤፉን፣ ፎቶውን ብቻ ወደ ኮምፒውተርሽ ኮፒ አድርጊ። ሾርትከቱንም፣ መጨረሻቸው ቪ ቢ ኤስ፣ ጄ ኤስ ወይም ኢ ኤክስ ኢ የሆኑትንም አታምጪ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርገሽ ፋይሏን መልሺላት።

አንቲ ቫይረስ ልግዛ ላልሽው፣ አትግዢ። ለአንቺ ሥራ ዲፌንደር ይበቃል፣ ነፃ ነው፣ ዊንዶውስሽ አክቲቬት ባይሆን እንኳ አፕዴት ያገኛል። ክራክ የተደረገ አንቲ ቫይረስ ግን በፍጹም። ድርጅቱ የተሰረቀውን ቁልፍ ሲያውቅ ይዘጋዋል። አንቺ ጋ የሆነውም ይሄ ይመስለኛል።

ናቲ ወንድሜ፣ ዲፕ ፍሪዝ ለላብ ጥሩ ነው። ለሷ ግን አይሆንም። በሁለት ሪስታርት መካከል ስንት ፍላሽ ይሰካል? ጠዋት የገባው ቫይረስ እስከ ማታ የሁሉንም ሲበክል ይውላል። ማታ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል፣ የተማሪዎቹ ፍላሽ ግን እንደተበከለ ሄዷል። የአንቲ ቫይረሱ አፕዴትም አብሮ ይጠፋል፣ ሲ ላይ ሴቭ ያደረገችው ጽሑፍም እንደዚያው።


መላሽ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

የፒያሳው ወንድሜ ስለዚያች ጥግ ላይ ብቅ ስለምትለው ነገር አልነገርካትም፤ እኔ ልጨምር። እህቴ፣ ያ ማስታወቂያ ከአንቲ ቫይረስ የመጣ አይደለም። ከክሮም ነው። የሆነ ጊዜ አንድ ድረ ገጽ "አላው" በዪ ብሎሽ፣ ፊልም ወይም ፒዲኤፍ ለማውረድ ስትይ ነክተሽዋል። ከዚያ ወዲህ እንደፈለገ ይልክብሻል። ክሮም ሴቲንግ፣ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ"፣ "ሳይት ሴቲንግስ"፣ "ኖቲፊኬሽንስ" ግቢ። የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ታያለሽ። የማታውቂውን በሙሉ አስወግጂ። በዚያው ያርፋል። የካርድ ቁጥር ግን ለማንም አትስጪ።

እዚህ አሜሪካ ይሄ ነገር ሽማግሌዎቻችንን እያስቸገረ ነው። ስክሪኑን ሞልቶ "ማይክሮሶፍት ነን፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ" ይላል፣ ድምፅም ያሰማል። ሲደውሉ ኮምፒውተሩን ከሩቅ አስከፍቶ ጊፍት ካርድ ግዙ ይላቸዋል። ማይክሮሶፍት ስክሪን ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ደውሉልኝ አይልም። አባቴን ያስተማርኩት፣ ኮምፒውተሩን ከቁልፉ እንዲያጠፋና ለኔ እንዲደውል ነው።

ስለ ላይሰንስ ከተነሳ፣ በዚህ አገር ላላችሁ አንድ ነገር። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በ2024 እ.ኤ.አ. ካስፐርስኪ እዚህ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ከዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 29 ወዲህ አፕዴትም አይሰጥም። የብዙዎቹ ደንበኞች ኮምፒውተር ላይ በምትኩ አልትራ ኤቪ የሚባል ተጭኗል። የወላጆቻችሁ ላፕቶፕ ላይ ድሮ የጫናችሁት ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ከፍታችሁ እዩላቸው። ሌላ አገር ያላችሁን ይሄ እገዳ አይመለከታችሁም።


ጠያቂ፦ ፔዳ ፕሪንት

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ፋይሉ ተገኘ! ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነበር። ዎርዱም፣ ፒዲኤፉም፣ የመጠይቁ ኤክሴልም። ለልጅቷ ስነግራት ስልኩ ላይ እልል አለች።

ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። ኤክስክሉዥን ውስጥ ሲ ድራይቭ እንዳለ ተጽፎ ነበር። አንድ ፎልደር ሳይሆን ሙሉው ሲ! ሰረዝኩት። ኦፍላይን ስካኑም ብዙ ነገር ይዟል። ጥግ ላይ ብቅ የሚለውም ጠፍቷል፣ እናትዬ ተባረኪ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ዊንዶውስ 10 ላይ "ሪል ታይም ፕሮቴክሽን" በርቷል፣ ግን "አንዳንድ ሴቲንጎች በድርጅትዎ የሚተዳደሩ ናቸው" የሚል በቀይ ተጽፏል። ድርጅቱ እኔ ነኝ፣ ሌላ የለም። ዊንዶውስ 7ቱ ደግሞ የባሰ ነው። ታስክ ማናጀር ስከፍት "በአድሚኒስትሬተር ተዘግቷል" ይለኛል። ሴፍ ሞድም አይገባም። ጠዋት ሳበራው ቀኑ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ነው።


መላሽ፦ የፒያሳው ጠጋኝ

ልጅቷ እንኳን ደስ አላት። ደስ ብሎኛል በእውነት።

ያ በቀይ የተጻፈው፣ ባለቤቱ አንድ ሰው በሆነ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ትርጉሙ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ክራኩ ወይም ቫይረሱ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ዲፌንደርን የሚያጠፋ ትዕዛዝ ጽፎ ሄዷል። "ዲሴብል አንቲ ስፓይዌር" የሚል መስመር ነው አብዛኛውን ጊዜ። ሬጅስትሪ በማይለምዱት እጅ የሚነካ ነገር ስላልሆነ ባለሙያሽ መጥቶ ያጥፋልሽ፤ ደቂቃ አይፈጅበትም። መስመሩን ስሙን ጠርተሽ ንገሪው።

ከዚያ ዲፌንደሩ በእርግጥ ነቅቶ እንደሆነ ፈትኚው። አይካር የምትባል የመሞከሪያ ፋይል አለች። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ያላት ጽሑፍ ናት፣ ምንም አትጎዳም። የአንቲ ቫይረስ ድርጅቶች "ይችን ስናይ እንደ ቫይረስ እንይዛታለን" ብለው የተስማሙባት ናት። ከአይካር ድረ ገጽ አውርጂያት። ወዲያው ከያዛት ዲፌንደር እየሠራ ነው። ዝም ካለ አረንጓዴ ምልክቱን አትመኚው። እኔ ጠግኜ የማስረክበውን ኮምፒውተር ሁሉ በዚህች ሳልፈትን አልሰጥም።

ወደ ዊንዶውስ 7ቱ ልምጣ። ቀኑ ወደኋላ የሚሄደው እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ ስላለቀች ነው፣ ሲ አር 2032 ትባላለች። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ቀኑ 2009 ከሆነ ድረ ገጾች ሰርተፊኬታችን ትክክል አይደለም እያሉ አይከፈቱም፣ አፕዴትም አይወርድም። አንቲ ቫይረሱ እንደሞተ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ባትሪዋን ቀይሪ፣ ቀኑንም አስተካክዪ።

ታስክ ማናጀር መዘጋቱና ሴፍ ሞድ አልገባም ማለቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳሊቲ የሚባለውን ቫይረስ ይመስላል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁንም አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አገኘዋለሁ። ይሄኛው ሾርትከት አይሠራም። ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ውስጥ ይገባል። ያሉሽ ሴትአፖች በሙሉ፣ ኢ ኤክስ ኢ የሆነ ሁሉ ተበክሏል ብለሽ ቁጠሪ። አንቲ ቫይረስ ሲጫን ያጠፋዋል። ማጽጃ አለው፣ ካስፐርስኪ "ሳሊቲ ኪለር" የሚባል በነፃ አውጥቶለት ነበር። ግን ከጸዳ በኋላ የማይሠሩ ፕሮግራሞች ይቀራሉ።

ፎርማት መድኃኒት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሲ ብቻ ሳይሆን ዲም፣ ዲስኩ እንዳለ። ከዚያ በፊት ዎርድ፣ ፒዲኤፍና ፎቶ ብቻ አውጪ፤ ሳሊቲ እነዚህን አይበክልም። ሴትአፕ አንድም እንዳትወስጂ፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር እንኳ። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ እንደ አዲስ አውርጂ።

ሌላው፣ እንደነዚህ ያሉ የስክሪፕት ቫይረሶች አንዳንዶቹ የይለፍ ቃልም ይሰርቃሉ። ስለዚህ በዚያ ኮምፒውተር የገባሽበትን ኢሜይል ሁሉ ከስልክሽ ሆነሽ ቀይሪ። ቴሌግራም ላይ "ዲቫይስስ" ገብተሽ ሌሎቹን በሙሉ አስወጪ፣ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" አብሪ። የደንበኛ መታወቂያና ፋይዳ ስካን ታደርጊያለሽ አይደል? ሥራው እንዳለቀ አጥፊው። ዴስክቶፑ ላይ የሰው መታወቂያ ተከማችቶ የማይባቸው ቤቶች አሉ፣ ይሄ ልክ አይደለም። ሰው አምኖ ነው የሰጠን።


መላሽ፦ ላብ ቴክኒሺያን፣ ጅማ

እኔ የምጨምረው፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወይም ላፕቶፕ ካገኘሽ በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫኚበትና ፍላሽ መቀበያ አድርጊው። ነፃ ነው፣ በአሮጌ ማሽንም ይሄዳል። የሾርትከት ቫይረሱም ሳሊቲም የተሠሩት ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይነሱም። ከሁሉ ደስ የሚለው፣ ሊነክስ ያንን "ሲስተም ፋይል" የሚል ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም። ፍላሹ እንደተሰካ የተደበቁት ፎልደሮች ሁሉ በግልጽ ይታያሉ። የሚፈለገውን ዶክመንት ብቻ መርጠሽ ወደ ዊንዶውሱ ትልኪያለሽ።

ፕሪንቱን ግን ከሊነክስ አታድርጊ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ዎርድ ከሆነ ፊደሉም ገጹም ይበላሻል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ተማሪ ራሱ ፒዲኤፍ አድርጎ ቢያመጣ ይሻላል።

እኛ ግቢ አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አሁን ፍላሽ እየተዉ ነው። በር ላይ የቴሌግራም ስማቸውን ለጥፈዋል፣ ተማሪው ፋይሉን ይልካል። የፍላሹ ጣጣ በጣም ይቀንሳል። ግን የማታውቂው ሰው ኢ ኤክስ ኢ ወይም ዚፕ ከላከ አትክፈቺ።


ጠያቂ፦ ፔዳ ፕሪንት

ቴሌግራሙን ዛሬውኑ ለጠፍኩ። ባትሪዋንም ቀየርኩ፣ ቀኑ አሁን ትክክል ነው። አይካሯንም ዲፌንደር ወዲያው ያዛት።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ። አሮጌው ፎርማት ተደርጎ መልሼ ዊንዶውስ 7 ብጭንበት ችግር አለው? ፕሪንተሩ ከሱ ጋር ስለለመደ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በኬብል ስለተገናኙ ፋይል የምልከው በሼር ፎልደር ነው።


መላሽ፦ የፒያሳው ጠጋኝ

አለው። ለዊንዶውስ 7 ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጥር 2012 ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንለትም። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያተራምስ ትዝ ይልሻል? የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሥራ ያቆሙበት። የተጠቁት በአብዛኛው ዊንዶውስ 7 ነበሩ። የገባው ደግሞ ፍላሽ ሳይሰካ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ በዚሁ አንቺ በምትጠቀሚበት በፋይል ሼሪንግ በኩል ነው። መድፈኛው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ናቸው የተጎዱት።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ዲፌንደር ግን እዚያ ላይ እስከ ጥቅምት 2021 ድረስ የቫይረስ መረጃ እንደሚደርሰው ማይክሮሶፍት አስታውቋል። የሲስተሙ ቀዳዳ ግን ካልተመዘገብሽ አይደፈንም። የተራዘመውን ድጋፍ ለመመዝገብ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትን ክፈቺ፣ ሊንኩ እዚያው ነው፤ ዊንዶውሱ በትክክል አክቲቬት መሆን አለበት። ዊንዶውስ 11 ይሻል ነበር፤ ግን ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ያንቺ ማሽን 8ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይቻላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ፕሪንተሩን ወደ ዊንዶውስ 10ው አዙሪው። አሮጌውን ጅማ ያለው ወንድማችን እንዳለው ሊነክስ ጭነሽ ፍላሽ መቀበያ አድርጊው። ሼር ፎልደሩን ዝጊ፤ ከሊነክሱ ወደ ዊንዶውሱ ፋይል የምታስተላልፊባት አንድ የራስሽ ፍላሽ ለዪ፣ እሷን ለደንበኛ አትስጪ፣ ስትሰኪያትም ስካን አድርጊ።

የፕሪንተሩን ሞዴል እዚህ ጻፊልኝ። ለዊንዶውስ 10 ድራይቨር እንዳለው አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ አሮጌውን ፎርማት እንዳታደርጊው።